አቼቶው ሴሉን ገደለ፤ ከዚያስ?

ጠጋ በሉ፤ እኛ የላብራቶሪ ሰዎች በአደባባይ እምብዛም የማንናገረውን ሹክ ልበላችሁ። ሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሴል መግደል ከባድ ሥራ አይደለም። አቼቶ ይገድለዋል፤ አረቄ ይገድለዋል፤ በረኪና ይገድለዋል፤ ጨውም ሲበዛበት ይገድለዋል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ካልተነሣማ ማንም ሳይነካው ሞቶ ያድራል። ስለዚህ «የዚህ ፍሬ አቼቶ የአንጀት ካንሰርን ገደለ» የሚል ዜና ሲመጣ ውስጥ ለውስጥ የምንጠያየቀው ሌላ ነው። በምን ያህል መጠን? ኮምጣጣነቱ ተስተካክሎ ነበር? ጎኑ የተቀመጠው ጤነኛ ሴልስ ምን ሆነ?

ይህን የማነሣው ወሬው ቆላ ስለ ወረደ ነው። ገንዳ ውኃ ብትሄዱ፣ መተማ ዮሐንስ ብትሄዱ፣ ቋራ ብትወርዱ ስለ አቼቶ የማይመክር ሰው አታጡም። የፖም አቼቶው ከከተማ ይመጣል፤ ከርከዴው ከጋላባት ማዶ ሲሻገር የኖረ ነው፤ የኩመሩ ዛፍ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሟል። ኮምጠጥ ያለ ነገር በባዶ ሆድ «አንጀት ያጥባል» ይባላል። አንጀት ያጥባል ከተባለ ካንሰርም ያጥባል እስኪባል ብዙ አይቆይም። የሚያሳዝነው ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ለማስተባበል ይቀል ነበር።

ጓዳውን ላሳያችሁ። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ጥናት ከሚያገለግሉት የሴል ዘሮች ስመ ጥሩው ኤችቲ-29 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት ዕጢ የተወሰደ ሲሆን እስከ ዛሬ በየሀገሩ ላብራቶሪ ይባዛል። ካኮ-2 የሚባለው ደግሞ ከአንድ የ72 ዓመት ሰው የመጣ ነው። በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ እናኖራቸዋለን። ምግባቸው ሮዝ መሳይ ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ፌኖል ሬድ የተባለ የአሲድ ጠቋሚ ነው። ሴሎቹ የሚስማማቸው የአሲድ ልክ፣ ፒኤች የሚባለው፣ 7.4 አካባቢ ነው። የገበያ አቼቶ ግን ከ4 እስከ 8 በመቶ አሴቲክ አሲድ ስላለው ፒኤቹ ወደ 3 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሳይስተካከል ጠብ ሲደረግበት ቀዩ ፈሳሽ ዓይናችሁ እያየ ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ የሦስት ቀን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሴሎቹን ያቃጠላቸው አሲዱ ነው። ቁንጫ ለማጥፋት ቤት ማቃጠል እንደ ማለት ነው፤ ቁንጫው መሞቱስ ይሞታል።

ደህና ተመራማሪ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ አቼቶውን አስተካክሎ ወደ 7.4 ያመጣዋል፤ ወይ ከጎኑ ፍሬ ያልነካው፣ ልኩ እኩል የሆነ ባዶ አሴቲክ አሲድ ያስቀምጣል። የፍሬው አቼቶ ከባዶው አሲድ በልጦ ከገደለ ያኔ ከፍሬው የመጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ከልጣጩ፣ ምናልባት በሚፈላበት ጊዜ የተፈጠረ ፖሊፌኖል። እኩል ከገደሉ ደግሞ የተመራመርነው ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ ኮምጣጣነት ነው። የጥናት ወረቀት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን የባዶ አሲድ መስመር ነው። ከሌለ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ሌላም አለ። ሴል መሞቱን የምንለካው አብዛኛውን ጊዜ ኤምቲቲ በሚባል ቢጫ ቀለም ነው፤ ሞስማን የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዘዴ ነው። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ መሣሪያው ሐምራዊውን ያነባል። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? የፍራፍሬና የቅጠል ጭማቂ አንዳንዱ ሴል ሳይኖር በራሱ ጊዜ ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ይለውጣል። የሞተውን ሕያው ያስመስላል። ስለዚህ ሴል የሌለበት ጉድጓድም ጎን ለጎን መኖር አለበት። ይህ ሁሉ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ የሚሠራ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን «ገደለ» በምትለው አንዲት ቃል ያልቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለዓመታት የተጠቀመበት መለኪያ ነበር፤ ያልተጣራ የዕፅ ጭማቂ ግማሹን ሴል ለመግደል በሚሊሊትር ከ20 ማይክሮግራም በላይ ካስፈለገው ብዙም አያጓጓም። አቼቶ የሚፈተነው ግን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። ምግባቸው ላይ 2 በመቶ አቼቶ ሲጨመር ሴሎቹ ሞቱ እንበል። አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም አለው፤ የ5 ሊትር 2 በመቶ 100 ሚሊሊትር ነው። ሳህኑ ላይ የታየውን በደም ውስጥ ለመድገም አንድ የቡና ሲኒ የማይበቃውን አቼቶ በቀጥታ ወደ ደም ሥር መጨመር ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ሐኪም የለም፤ ቢኖርም ታካሚው በካንሰር አይሞትም፤ ከዚያ በፊት ያልቃል።

«እኛ በአፋችን ነው የምንጠጣው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ችግሩ እዚያ ላይ ይብሳል። የተጠጣ አሴቲክ አሲድ በጨጓራና በቀጭን አንጀት ተመጥጦ ያልቃል፤ የትልቁን አንጀት ደጃፍ አያይም። የአንጀቱን ሕመም ልናክምበት የላክነው መልእክተኛ መንገድ ላይ ቀርቷል። የኮመጠጠውን በየቀኑ ያለ ልክ መጠጣት ደግሞ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኦስትሪያ ሐኪሞች የአንዲት የ28 ዓመት ሴት ታሪክ አሳትመዋል፤ ለዓመታት በየቀኑ ሩብ ሊትር ያህል የፖም አቼቶ ስትጠጣ ኖራ በደሟ ያለው ፖታሺየም ወርዶ፣ አጥንቷ ሳስቶ ነው ሆስፒታል የገባችው።

ለአቼቶው ግን ፍርድ አላዛባም። ጃፓኖች ኩሮሱ የሚሉት፣ ካልተፈተገ ሩዝ በጋን የሚጣል ጥቁር አቼቶ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎቻቸው ከኩሮሱ ኤቲል አሴቴት በሚባል ማሟሟያ ያወጡትን ጭማቂ በአንጀት፣ በሳንባ፣ በጡት፣ በፊኛና በፕሮስቴት የካንሰር ሴሎች ላይ ሞከሩት። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው የአንጀቱ ሴል፣ ካኮ-2 ነበር። ልብ በሉ፤ የሞከሩት አቼቶውን እንዳለ አይደለም፤ ከውስጡ የወጣውን ጭማቂ ነው። በአይጥ ላይም ተስፋ ሰጪ ነገር ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን የካንሰር ሕመምተኛ በኩሮሱ ዳነ የሚያሰኝ የሕክምና ማስረጃ አልመጣም።

ትልቁ አንጀት ውስጥ አሴቲክ አሲድ ይገባል ከተባለ በሌላ በር ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያልተፈጨውን የእህል አሰር አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ይሠራሉ። ቡቲሬት ለጤነኛው የአንጀት ሴል ዋና ነዳጅ ነው፤ ሳህን ላይ ያለውን የካንሰር ሴል ግን እድገቱን ይገታዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠሬዎችን ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጣቸው። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን የገጠር ምግብ ሲበሉ በአንጀታቸው የሚሠራው ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ቅባትና ሥጋ የበሉት አፍሪካውያን ግን ወደ ግማሽ ወረደባቸው። የአንጀታቸው ግድግዳ ላይ የታየው የመቆጣት ምልክትም እንደዚያው ተገለባበጠ። የመተማ ሰው የማሽላ እንጀራውን በሽሮ ሲበላ፣ ሳይታወቀው እውነተኛውን የአንጀት አቼቶ እየጣለ ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ ስላልሆነ ግን የሚያስተዋውቀው ነጋዴ የለም።

ከቆላው ዕፅዋት የአንጀት ካንሰር ሴል ላይ በደንብ የተፈተነውን ጠይቁኝ ካላችሁ ዕጣን ነው። ዕጣን ሙጫ ውስጥ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ ከነሱ ኃይለኛው በአጭሩ ኤኬቢኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ካርሲኖጀነሲስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እነዚህ አሲዶች ኤችቲ-29ን ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ እንደሚገፉት፣ ሞቱ በሴሉ ውስጥ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድም ጭምር አሳይቷል። ያ እንደ አቼቶው በኮምጣጣነት ማቃጠል አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ሞት ነው፤ የላብራቶሪ ሰው የሚያከብረው ዓይነት። የመተማው ዛፍ፣ ሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚለው፣ ኤኬቢኤ አለው። ስመ ጥር የሆነው ግን የሕንዱ ዘመዱ ነው፤ ምርምሩም ገንዘቡም ወደዚያ ሄዷል። በጀርመን ፍራይቡርግ 44 የአንጎል ዕጢ ሕመምተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሙከራ የሕንዱን ዕጣን የተጠቀመ ነበር፤ ጨረር የሚያመጣውን የአንጎል እብጠት እንደሚቀንስ አሳየ፤ ዕጢውን ፈወሰ አላለም።

የዕጣኑም ችግር ያው የመንገድ ችግር ነው። በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይሻሻላል። ሙጫ እያኘኩ ሳህኑ ላይ የታየውን መጠን መድረስ አይቻልም። ቡና ላይ የሚጤሰውማ ለነፍስ ይሁን እንጂ ለአንጀት አይደለም።

እዚህ ላይ ከላብራቶሪው ወጥቼ ዛፉ ሥር ልቁም፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በበጋ፣ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን ሲቀር፣ ሠራተኛው ምንጋፍ የሚባለውን መላጫ ይዞ ይመጣል። ለብዙ ዘመን ብዙዎቹ ሠራተኞች ከትግራይ የሚወርዱ ነበሩ። ቅርፊቱን በትንሹ ይልጠዋል፤ ዛፉ እንባ የመሰለ ሙጫ ያፈሳል፤ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል፤ በአንድ በጋ እስከ 12 ጊዜ። ከዚያ ወደ መጋዘን ይሄድና ሴቶች ተቀምጠው በቀለሙና በመጠኑ ይለዩታል፤ ነጩና ትልቁ አንደኛ ደረጃ ይወጣል፤ አቧራው መጨረሻ ይቀራል። ዋጋው የሚጨምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሀገር ሲወጣ ነው።

የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች መተማ ላይ ዛፎቹን አንድ በአንድ ቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ከ4,300 በላይ ዛፎችንና ከ2,000 በላይ ችግኞችን ተከታትሎ ነበር። የደረሱት ዛፎች በዓመት ከ6 እስከ 7 በመቶ ይሞታሉ፤ ችግኙ ይበቅላል፣ ግን እሳትና ከብት አያሳድጉትም፤ ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛም አለ። በዚያው ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፉ 90 በመቶው ይጠፋል፣ የዕጣኑ ምርትም በ15 ዓመት ውስጥ ይገመሳል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤርትራንና ሱዳንን ጨምሮ በሰፊው ሲታይም ብዙ ቦታ ለአሥርት ዓመታት አንድም ወጣት ዛፍ አልተተካም። በዚህ ላይ ጫካው ለሰሊጥ ይመነጠራል። እኛ ሳህን ላይ ያለው ሴል ሞተ እያልን ስናጨበጭብ ሙጫውን የሚሰጠው ዛፍ እየሞተ ነው። በኔ ግምት በመተማ አስቸኳዩ የዕጣን ምርምር የካንሰሩ አይደለም፤ ችግኙን ከእሳትና ከከብት የማትረፉ ነው።

ታዲያ ከሳህን ተነሥቶ ሕመምተኛ ጋ የደረሰ የኢትዮጵያ ዕፅ የለም ወይ? አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። አጥር የምናጥርበት፣ ጭራሮው የሚነደው የአጣጥ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለካንሰር ምርመራ በዓለም ዙሪያ ዕፅ ሲያሰባስብ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ተወሰደ። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ከውስጡ ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ማውጣታቸውን አሳተመ። በማይታመን ጥቂት መጠን ይገድላል። የሞከሩበት ሴል ኬቢ ይባል ነበር፤ የአፍ ካንሰር ነው ተብሎ። በኋላ ሲጣራ ኬቢ በሄላ ሴል የተበከለ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪዬታ ላክስ የማኅፀን በር ዕጢ በተወሰደው ማለት ነው። ሳህኑ ላይ የተጻፈው ስምና ሳህኑ ውስጥ ያለው ሴል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ይህም ከጓዳችን ወሬ ነው።

ሜይታንሲን በሰው ሲሞከር ወደቀ። ካንሰሩንም ሰውየውንም አይለይም ነበር፤ በመርዛማነቱ ምክንያት ተተወ። መደርደሪያ ላይ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ሌሎች አንሥተው፣ አሻሽለው፣ የጡት ካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። መርዙ ብቻውን መንገድ ስቶ ነበር፤ አሁን መሪ ተሰጠው። ይህ መድኃኒት፣ ቲ-ዲኤም1፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከሳህን እስከ ሕመምተኛ 41 ዓመት። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ያንኑ ወገን ውህድ የሚሠራ ባክቴሪያ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማግኘታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦውን ፍለጋ የሚመጣ አላስፈለገም። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ፣ ቁጥር 482፣ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አጣጡ ከሄደ ከአርባ ዓመት በኋላ። ዛሬ ከመተማ ዕጣንም ሆነ ኩመር ለምርምር ይዞ ሊወጣ የሚመጣ ሰው ካለ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ጠይቁት። አብዛኛው ናሙና ወደ ውጭ የሚላከው የሴል ሥራ ውድ ስለሆነ ነው፤ ካልተወለደ ጥጃ ደም የሚወጣው ሴረም፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ፣ የማይቋረጠው መብራት፤ ይህ ሁሉ በምንዛሪ ይመጣል። ናሙናው ሲሄድ ውሉ አብሮ ይሂድ።

አቼቶው ራሱስ በካንሰር ላይ ምንም አልሠራ ይሆን? ሠርቷል፤ ግን በመግደል አይደለም። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክሮ የማኅፀን በር ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ቢያቆዩት፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ የጀመረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነርሷ በዓይኗ ታየዋለች፤ ማይክሮስኮፕ አያስፈልጋትም። ሙምባይ ውስጥ 150,000 ያህል ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራ በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱትን በ31 በመቶ ቀንሷል። በሀገራችንም ጤና ተቋማት የሚሠሩት ምርመራ ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፤ የተገኘውም ቶሎ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል። የአቼቶ ታላቅ ሥራ በአንጀት ሳይሆን በማኅፀን በር፣ በመጠጣት ሳይሆን በጥጥ መሆኑን ለእኅቶቻችሁ ንገሩልኝ። ወሬው ቆላ መውረዱ ካልቀረ ይሄኛው ይውረድ።

ስለ አንጀቱ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ቆላ ላይ ሰገራ ውስጥ ደም ሲታይ ብዙ ጊዜ አሜባ ነው፣ ቢልሃርዚያ ነው፣ ኪንታሮት ነው፤ ጤና ጣቢያውም እሱን ያክማል። ትክክል ነው። ታክሞ ግን ደሙ ካልቆመ፣ የአንጀት ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ደም ማነስ ከተባላችሁ ሦስተኛ የአሜባ ክኒን አትቀበሉ፤ ጎንደር ሪፈር ጻፉልኝ በሉ፤ አንጀት ውስጡ በመሣሪያ ይታይ። በጊዜ የተገኘ የትልቁ አንጀት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይወጣል። ስትሄዱም የጠጣችሁትን አቼቶ፣ ያኘካችሁትን ሙጫ፣ የቀመሳችሁትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ።